ድፎ ቁጥር ሃያ ሦስት

ፈረንጅ ምግብ ይወዳል የሚሏችሁን አትመኑ። ፈረንጅ የሚወደው ምግብን ማየት ነው! ኬኩን መስታወት ውስጥ ቆልፎ ያየዋል፤ ሳህኑን ፎቶ አንስቶ ያየዋል፤ ዱባውን አሳድጎ አሳድጎ ጥጃ ካሳከለ በኋላ ሚዛን ላይ አውጥቶ እጁን አጣምሮ ያየዋል። እኛ ደግሞ... እኛ የታየ ምግብ ያስፈራናል። ሰው ዓይኑን የጣለበትን ምግብ ወይ ትሸፍኑታላችሁ፣ ወይ «እንብላ» ትላላችሁ። ሦስተኛ መንገድ የለም። ሦስተኛ መንገድ አለ ብላ ከቶሮንቶ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ድፎ ዳቦ ጭና የሄደች ሞኝ ሴት ብትኖር እኔ ነኝ። የደረሰብኝን ስሙልኝማ።

ነገሩ የጀመረው በኬብል ነው። ቤቴ ዌስተን ነው፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ። የኛ ሕንፃ ኬብል ደመና ባየ ቁጥር የሚደነግጥ፣ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር የሚያኮርፍ ፍጥረት ነው። ኩባንያው ጋ ስደውል ቴክኒሻኑ ሐሙስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይመጣል አሉኝ። እስቲ ይታያችሁ! ልጄን ሜላትን እንኳ ስወልድ ይህን ያህል አልጠበቅኩም። አንዲት የዕረፍት ቀኔን በር በሩን እያየሁ ተቀመጥኩ። ቴሌቪዥን የለ፣ ኢንተርኔት የለ... ቤት ውስጥ የሚነበብ ነገር ቢኖር ብሬንዳ የሰጠችኝ አንድ ቀጭን መጽሔት ብቻ ነበር። ቴክኒሻኑ አልመጣም። የመጣብኝ ሌላ ነው።

ብሬንዳ የሥራ ባልደረባዬ ናት። የምንሠራው የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው፤ እኔ ኩሽና፣ እሷ ልብስ ማጠቢያ። ገጠር ያደገች፣ ሳቋ ከማጠቢያ ማሽኑ የሚበልጥ፣ ልበ ንጹሕ ሴት ናት። አንድ አመል ብቻ አለባት። ባደገችበት አካባቢ በየዓመቱ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የመኸር ትርኢት ይደረጋል። ገበሬው ላሙንና ዱባውን፣ ባልቴቷ ጃሟንና ዳቦዋን ይዘው ይመጡና ይወዳደራሉ። አንደኛ የወጣ ሰማያዊ ሪባን ይሸለማል። ብሬንዳ በዝኩኒ ዳቦዋ አራት ዓመት በተከታታይ ሰማያዊውን ወስዳለች። አራቱንም የሠራተኞች ምሳ ክፍል ውስጥ፣ ከማይክሮዌቩ በላይ ሰቅላቸዋለች፤ ምሳችንን ስናሞቅ ቀና ብለን እንድናያቸው። እናያቸዋለን። ምን ምርጫ አለን?

እና በዚያ ሐሙስ ያን የትርኢቱን መጽሔት ገለጥ ገለጥ ሳደርግ «ሌላ ማንኛውም ዳቦ» የሚል የውድድር ክፍል አየሁ። ሌላ ማንኛውም! ይኼ እኔን በስሜ መጥራት ካልሆነ ምን ሊባል ነው? የኔ ድፎ እኮ ሐበሻው በሚሰበሰብበት ዳንፎርዝ ላይ በስንት ሠርግና በስንት ክርስትና የተመሰከረለት ነው። «የየሺ ድፎ ያልተቆረሰበት ክርስትና፣ ልጁ እንደተጠመቀ አይቆጠርም» ተብሎለታል። ያልኩት እኔ ነኝ፤ ግን የተቃወመኝ ሰው አላስታውስም።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይላሉ። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ሽሮዬን እያሞቅኩ ቀና አልኩና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ለብሬንዳ ዘንድሮ ለአምስተኛ ሪባን ቦታ እንዳታዘጋጅ ነገርኳት። ከአፍ የወጣ አፋፍ! ብሬንዳ ሳንድዊችዋን አስቀመጠችና አፍዋን ጠረገች።

«እሺ የሺ» አለች «ካሸነፍሽኝ ጃንዋሪ ሰቨንን እኔ እሠራልሻለሁ።»

ጃንዋሪ ሰቨን! ይህቺ ሴት የት ቦታ እንደምትወጋ ታውቃለች። ለናንተ መቼም ገናን አላስረዳችሁም። ለአለቃዬ ግን ላለፉት ስድስት ዓመታት አስረድቻለሁ፤ እሱም ስድስቱንም ዓመት «ገና እኮ አለፈ» ይለኛል። አምና የገና ዕለት እህቴ ቤት ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ በስልክ አሳዩኝ። ስልኩን የተላጠ ድንች ላይ አስደግፌ፣ በአንድ እጄ ቢላዋ ይዤ፣ የዶሮው ድስት ሲከፈት ከሩቅ አየሁት። የዶሮ ወጥ በስልክ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አትዩ። ከሰው ዓይን ይልቅ የራስ ዓይን ሆድ ይቆርጣል። እና ውርርዱ ይኼ ሆነ፤ ካሸነፍኩ ገናን ቤቴ፤ ከተሸነፍኩ ግን የፈረንጅ አዲስ ዓመት ዋዜማንና ማግስቱን የብሬንዳን ተራ ጨምሬ እሠራለሁ፤ ገናንም እንደ ልማዴ ከድንች ጋር።

ዝግጅቱን ባታዩት ይሻላል። ድፎ ያለ ኮባ ድፎ አይደለም። ኮባ ደግሞ ካናዳ ውስጥ የለም። ለባቡር ተብሎ ስንት ዓመት ሲቆፈር የኖረውን የኤግሊንተን ዌስት ጎዳና አቋርጬ አንዲት የጃማይካ ሴት ሱቅ ሄድኩና በረዶ ሆኖ የደረቀ የሙዝ ቅጠል ገዛሁ። ሴትዮዋ ምን ልሠራበት እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ የገና ዕረፍቴን ልጠቀልልበት ነው አልኳት። ከዚያ ደግሞ... እንዳትስቁብኝ... ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ለሪባኑ ሚስማር መታሁ። አዎ፣ ቀድሜ! የሕንፃው ኃላፊ ግድግዳ ላይ ሚስማር አይመታም ብሎ በየበሩ የለጠፈውን ወረቀት እያየሁ። ላሟ ሳትገዛ ጥጃው የታሰረበት ቤት የኔ ቤት ነው።

ሕጉን ያነበበችልኝ ልጄ ሜላት ናት። ሜላት ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እዚሁ የተወለደች፤ በአማርኛ ትሰማኝና በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ ስትቆጣ ብቻ አማርኛዋ ይመጣል። ዳቦው ሙሉ መሆን አለበት። ነጭ የወረቀት ሳህን ላይ ይቀመጣል። ቁጥር እንጂ ስም አይጻፍበትም። አንዴ ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠ በኋላ ዳኛ እስኪያየው ድረስ ማንም አይነካውም። ሁሉንም ሁለት ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ እኔም «ማንም አይነካውም» የሚለውን በቃሌ ያዝኩት። ለሌላ ሰው ስነግረው ውዬ አደርኩ።

ከነገርኳቸው ሰዎች አንዱ አባባ ዘውዴ ናቸው። አባባ ዘውዴ ሰባተኛ ፎቅ የሚኖሩ፣ ሰማንያን ያለፉ፣ በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥተው እዚህ የመጡ አባታችን ናቸው። ሠላሳ ዓመት መኪና ማቆሚያ ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። በኛ ሕንፃ እሳቸው ያልመረቁት ዳቦ አይቆረስም። ጠዋት ሊመርቁልኝ ወደ ቤቴ እንዲወጡ ብጠይቃቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ዳቦ የሚመረቀው ሰው በተሰበሰበበት ነው እንጂ አሳንሰር ፊት ነው እንዴ?» አሉ። «እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ። ላሞቹንም አያለሁ።»

እንግዲህ እምቢ ይባላል? ኮፍያቸውን፣ ምርኩዛቸውን፣ ሽክ ያለ ኮታቸውን ይዘው ከፊት ወንበር ተቀመጡ። እኔ ከኋላ ድፎዬን እንደ አራስ ልጅ ታቅፌ፣ ቀበቶ አስሬለት። ሜላት በመስታወት እያየችኝ ነዳች።

ደረስን። ትልቅ አዳራሽ፣ ረጃጅም ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ዳቦ በዳቦ። የሌላው ሰው ዳቦ እያንዳንዱ ጡብ ያክላል። የኔ የመኪና ጎማ ነው። ያቺ ነጭ የወረቀት ሳህን ላይ ሳስቀምጠው ሳህኗ ጨርሳ ጠፋች፤ ሳንቲም ላይ ባርኔጣ እንደማስቀመጥ ማለት ነው። ሊንዳ የምትባል ደግ አስተናጋጅ የቁጥር ካርድ ሰጠችኝ። ሃያ ሦስት። አጠገቤ ቁጥር ሃያ ሁለት የብሬንዳ ዝኩኒ ዳቦ ነበር። እሷን በዓይኔ ስፈልጋት፣ ለካ ዳቦዋን አስቀምጣ ቡና ፍለጋ ሄዳለች።

ውድድሩ ሊጀመር አንድ ሰዓት ያህል ይቀረዋል። ሕዝቡ ገና አልገባም፤ አዳራሹ ውስጥ ያሉት ዳቦና ኬክ ይዘው የመጡ ተወዳዳሪዎች ብቻ ናቸው። ግን ስንት ሆኑ መሰላችሁ! ያንን የሚያክል ዳቦ አይተው ስለማያውቁ አንድ በአንድ መጥተው ይከቡታል። አንገታቸውን ቀልሰው ያዩታል። ጎንበስ ብለው ያሸቱታል። ጥቁር አዝሙዱ ደግሞ ይጣራል።

አባባ ዘውዴ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ልጄ የሺ፣ ሸፍኚው እንጂ» አሉኝ ቀስ ብለው።

ነጠላዬን አወለቅኩና ሸፈንኩት። ሊንዳ መጣች፣ ፈገግ ብላ ነጠላውን አጥፋ መለሰችልኝ፤ መታየት አለበት አለች። ዘወር ስትል እንደገና ሸፈንኩት። እንደገና መጣች። በሦስተኛው ፈገግታዋ አጠረችብኝና ተውኩት።

አባባ ዘውዴ ምርኩዛቸው ላይ ተደግፈው ተከዙ። ይህን ሁሉ ዓይን አንድ ዳቦ እንዴት ይችለዋል፣ ይህን ሁሉ ሰው እያስጎመጁ ዝም ማለትስ የማን አገር ወግ ነው አሉኝ። ወረቀቱ ላይ እንደዚያ ተጽፏል፣ ማንም አይነካውም ብዬ አስረዳኋቸው። እሳቸውም «ማንም» ሲባል ሰው ሁሉ እንጂ መራቂ ሽማግሌን እንደማይጨምር አስረዱኝ። ልከራከር ስል ሊንዳ ከበሩ አጠገብ ጠራችኝ፤ ዳቦው ውስጥ የገባውን ሁሉ የምጽፍበት ሌላ ካርድ አለ። ሜላት መኪና ማቆሚያ ፍለጋ እንደሄደች አልተመለሰችም። አባባ ዘውዴን «አደራ፣ ይጠብቁልኝ» ብዬ ሄድኩ። ሠላሳ ዓመት መኪና ጠብቀው አንድ የጠፋባቸው የለም። ለዳቦ ያንሳሉ?

ካርዱ ላይ አብሽን፣ ድንብላልን፣ ጥቁር አዝሙድን በእንግሊዝኛ ስሰቃይ ሩብ ሰዓት ያህል ቆየሁ። ስመለስ ጠረጴዛዬ ዙሪያ ክብ ሠርተው የቆሙ ሰዎች አየሁ። ወንዶቹ ኮፍያቸውን አውልቀዋል። አንዲት ሴት ዓይኗን ጨፍናለች። ከመሀል የአባባ ዘውዴ ድምፅ ይሰማል።

«...ይህን የጋገረች እጅ አትዛል። ያየም የቀመሰም ይጥገብ። ላማችሁ ትለብ፣ ዱባችሁ ይፋፋ፣ ከክረምቱ ያውጣችሁ።»

«አሜን» አሉ። ሁሉም! ሌላው ቃል አንዱም አልገባቸውም፤ ያቺ አንዷ ግን ትርጉም አላስፈለጋትም።

መሮጥ ነበረብኝ። እናንተ ብትሆኑ ትሮጡ ነበር። እኔ ግን ሽማግሌ ሲመርቅ የማቋረጥ አስተዳደግ የለኝም፤ ነጠላዬን አስተካክዬ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ እኔም አሜን አልኩ። ቀና ስል አባባ ዘውዴ ከኮታቸው ኪስ ሰንጢ አውጥተው የድፎውን ጫፍ ቆርሰውታል።

እሺ፣ አልኩ በልቤ። አንድ ጫፍ ነው። ሳህኑን አዙሬ የተቆረሰውን ወደ ግድግዳ ባደርገው ማን ያያል? እጄን እየዘረጋሁ እያለሁ አንድ ቱታ የለበሰ፣ ዱባ ይዞ የመጣ ግዙፍ ገበሬ የደረሰውን ቁራሽ አፉ ውስጥ ከተተ። አላመጠ። ቆመ። ዓይኑን ወደ ላይ አደረገ። ከዚያ «ማነው ይህን የሠራው?» አለ።

እናንተዬ፣ ስም አይጻፍም የሚለው ሕግ ያኔ የት ገባ? «እኔ ነኝ» አልኩ። ከዚያ ወዲያ ያደረግኩትን ሳስበው የሌላ ሰው ታሪክ ይመስለኛል። ሰንጢውን ከአባባ እጅ ተቀበልኩ። ለገበሬው ደገምኩለት። ከኋላው የቆመችው ያልደረሳት መሰለኝና ወደ ፊት ጎተትኳት። የማር ተወዳዳሪዋ ማሯን አመጣች፤ በማር ሆነ። ትንሽ የወሰደውን ተቆጣሁ። «ለባለቤትህስ?» አልኩት አንዱን፤ በወረቀት ጠቀለልኩለት። ብሬንዳ ቡናዋን ይዛ መጣች፤ አንድ በላች፣ ሁለተኛ በላች፣ ከዚያ ቡናዋን አስቀመጠችና ሦስተኛ ለመቁረስ ራሷ ሰንጢውን ያዘች። ነጠላዬን ስትነጥቀኝ የነበረችው ሊንዳ እንኳ «ጫፉን፣ የደረቀውን በኩል» ብላ መርጣ ወሰደች። በአጭሩ ተፎካካሪዎቼን በሙሉ ሰብስቤ ቁርስ አበላሁ! አባባ ዘውዴ እዚያ ቆመው «ኢት፣ ኢት፣ ኖ ፕሮብሌም» እያሉ መኪና እንደሚያስገቡ ሁሉ ሰዉን በእጃቸው ያሰልፋሉ።

ያኔ እንኳ ሩብ ያህሉ ቀርቶ ነበር። እመኑኝ፣ ሩብ ቢሆንም ዳቦ ነበር። ልክ ያን ጊዜ አንዲት ቀጭን ሴትዮ መጣች። መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ በክንዷ የወረቀት ማስደገፊያ ሰሌዳ ታቅፋለች። ድካም ፊቷ ላይ ይነበባል። ዳቦውን አየችው። ቁራሽ ዘረጋሁላት።

«ኦ፣ አልችልም» አለች።

እምቢታን እኔ አውቃለሁ። እኛ ዘንድ ግብዣን በመጀመሪያው እሺ የሚል ያልተቀጣ ሰው ብቻ ነው። የመጀመሪያው እምቢ «እንደምን አደራችሁ» ማለት ነው። ሁለተኛው «ርቦኛል» ማለት ነው። ሦስተኛው «እባካችሁ አጉርሱኝ» ማለት ነው። ስለዚህ ጨዋ ሴት ናት ብዬ ወደድኳት፤ ጠጋ አልኩ።

«በእውነት፣ አልተፈቀደልኝም» አለች።

ስኳር አለባት ብዬ አዘንኩ። ስኳር የለውም አልኳት።

«እየውልሽ፣ ይኼ ለሥራዬ ጥሩ አይደለም» አለች፤ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች።

አለቃዋ የምሳ ዕረፍት የማይሰጣት ምስኪን መሰለችኝ። እኔም የኩሽና ሠራተኛ ነኝ፤ ቆሞ መዋልን አውቃለሁ። «ግድ የለሽም፣ ማንም አያይሽም» አልኳትና ጀርባዬን ለአዳራሹ ሰጥቼ ከለልኳት። አራተኛዋን እምቢ ልትል አፏን ስትከፍት... በሞቴ ብዬ አጎረስኳት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል አይደል? እንዳንጣላ ብዬ ደገምኳት።

ሴትዮዋ መጀመሪያ ደነገጠች። ከዚያ አላመጠች። ከዚያ ቀስ ብላ አላመጠች። በመሐረቧ አፏን ጠረገችና ሄደች። የቀረችውን ሩብ፣ መቼም የተጀመረ ነገር ነው፣ የጃም ተወዳዳሪዎቹ ጨረሷት።

ሜላት መኪናውን አቁማ የገባችው ያኔ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የሙዝ ቅጠል አየች። ቅጠሉ ላይ ያለውን ፍርፋሪ አየች። ምንም ከማለቷ በፊት ሊንዳ ወደ መሀል ወጥታ፣ አሁንም እያኘከች፣ ተወዳዳሪዎች ሁሉ እንዲወጡና ዳኛዋ ሥራዋን እንድትጀምር ጠየቀች። ያቺ ቀጭን ሴትዮ ከቦርሳዋ ነጭ ሽርጥ አውጥታ ታጠቀች፤ ደረቷ ላይ ምልክት ለጠፈች።

ሜላት ምልክቱን አነበበች። ከዚያ አማርኛዋ መጣ።

«እማዬ፣ ያጎረስሽው ዳኛዋን ነው።»

በሕይወቴ አንዴ ዳኛ ፊት ብቀርብ፣ ቀርቤ ያደረግኩት ነገር ዳኛዋን ማጉረስ ሆነ! ያውም በግድ። ያውም ሁለቴ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ገና ዓይኔ ላይ ዞረ፤ ድስቱ ከነዶሮው በስልክ ሲከፈት፣ ድንቹ ከነልጣጩ ሲጠብቀኝ...

አባባ ዘውዴ ግን ልባቸው አልተነካም። ሰንጢያቸውን ጠርገው ኪሳቸው ከተቱ። «እንኳንም በላች» አሉ። «ሳትበላ በምን ልትፈርድ ኖሯል?»

በሩ እስኪከፈት ሁለት ሰዓት ነበረን። የምሬን ልንገራችሁ፣ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ይኼ ራሱ ያናድዳል፤ ሰው ተሸንፎ እንዴት ደስ ይለዋል? የዱባው ገበሬ አገኘንና ላሞቹን አስጎበኘን። አባባ ዘውዴ አንዲት ጥቁርና ነጭ ላም ፊት ቆመው ጡቷን አዩ፤ ከዚያ ዓይን እንዳይበላት ብለው ትፍ ትፍ አሉባት። ባለቤቷ ክፉኛ ደነገጠች። ገበሬው «አይዞሽ፣ መራቂው ሰውዬ ናቸው» ብሎ ሲያስረዳት፣ ሴትዮዋ ሌላዋን ላሟንም አምጥታ አስተፋቻት። ሜላት እየሳቀች በስልኳ ቀረጸች። በዘይት የተጠበሰ ሊጥ በስኳር በላን፤ ፓስቲ ነው እቴ፣ ስሙን ቀይረው። አንድ ትራክተር ድንጋይ ሲጎትት አይተን ማንም ባላስገደደን አጨበጨብን። ዞሬ ዞሬ ግን ልቤ አዳራሹ ጋ ነበር። ምናልባት፣ እል ነበር። ጣዕሙን ቀምሳዋለች እኮ። ምናልባት...

በሩ ሲከፈት ሮጥኩ። ሃያ ሁለት ቁጥር ላይ ሰማያዊ ሪባን። የብሬንዳ አምስተኛ። የኔ ሃያ ሦስት ላይ የሙዝ ቅጠሌ አለች፤ ቅጠሏ ላይ የዳኛዋ ካርድ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ተሞልቶ ተቀምጧል። ሜላት አነበበችልኝ፤ ሁለት ጊዜ፣ እንደ ሕጉ።

«መልክ፦ አልታየም። ቅርጽ፦ አልታየም። ጣዕም፦ በግድ ቀምሻለሁ፤ እጅግ ግሩም ነው። ውጤት፦ ከውድድር ውጪ።»

በዚህ ላይ ደግሞ ከታች በትንንሽ ፊደል፦ «ሁለተኛውን ጉርሻ አመሰግናለሁ።»

ሰኞ ምሳ ክፍል ገባሁ። አምስተኛዋ ሪባን ከማይክሮዌቩ በላይ ተሰቅላለች። ሽሮዬን አስገብቼ ቀና ሳልል ቆምኩ። ብሬንዳ መጥታ አጠገቤ ቆመች። የአዲስ ዓመት ዋዜማውን እንደማልረሳ ነገርኳት፤ ሴት ልጅ ከቃሏ አትወርድም። ብሬንዳ ወደ ሪባኖቿ ቀና አለች።

«ጃንዋሪ ሰቨንንም እኔ እሠራዋለሁ» አለች።

ዞር ብዬ አየኋት።

«ባዶ ሳህን ማሸነፍ ማሸነፍ አይደለም» አለች። «ያን ዳቦ ባልበሉት ኖሮ እኔም ሪባኔን አላገኝም ነበር፤ ሦስት ቁራሽ በልቼ ነው የምናገረው። አንድ ነገር ብቻ። ከገናሽ በፊት አንድ ሙሉ ዳቦ ታመጪልኛለሽ። ሙሉ፣ የሺ። እኔ እስካየው ድረስ ማንም አይነካውም።»

አቀፍኳት። ማይክሮዌቩ ጮኸ፤ ሽሮዬ ፈንድቶ ሪባኖቹ ላይ ተረጨ፤ እሷም ይቅር አለችኝ። የዳኛዋ ካርድ አሁን ሳሎኔ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ለእንግዳ ሁሉ አነብለታለሁ፤ «ከውድድር ውጪ» የምትለዋን ብቻ በጣቴ ከልዬ።

ገናዬ ተርፏል እንግዲህ። አሁን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ሜላት በዚያ ሰሞን መኪናዋን ይዛ አትኖርም። ከዌስተን እስከ ሥራ ቦታዬ ሁለት አውቶቡስ ነው፤ ያውም በጠዋቱ፣ ሰው ቁርስ ሳይበላ በሚጋፋበት ሰዓት። የመኪና ጎማ የሚያክል፣ የሚሸት፣ ትኩስ ድፎ ታቅፌ፣ ያን ሁሉ ዓይን እንዴት እችለዋለሁ? በነጠላ ብሸፍነው ሽታውን በምን እሸፍነዋለሁ? አባባ ዘውዴን ምክር ብጠይቃቸው ብዙም አላሰቡም።

«ሁለት ጋግሪ» አሉኝ። «አንዱ ለብሬንዳ፣ አንዱ ለአውቶቡሱ።»